አንዴ የሚመጣ፣ አንዴ የሚጠፋ የቱርቦ ጉልበት፦ ሱፕራዬ ላይ ያገኘሁት

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ቶዮታ ሱፕራ ቱርቦ ናት። ባለ ስድስት ማርሽ። የገዛኋት ዋጋዋ እንደ አሁኑ ሰማይ ሳይነካ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ፈትቼ ገጥሜባታለሁ። እንደዚህኛው ብልሽት ያደከመኝ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ከቤት እወጣለሁ። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ በደቂቃ ከሚዞረው ከ2000 ዙር ጀምሬ ነዳጅ እረግጣለሁ። 3000 ዙር አካባቢ የቱርቦውን የአየር ግፊት የሚያሳየው መለኪያ ቀስት 11 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ላይ ይቆማል። ጤነኛ መኪና የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ማርሽ፣ ቀስቱ 4 ላይ ይንፏቀቃል። 3000 ያልፋል። 3500 ያልፋል። መኪናዋ ከባድ ጭነት እንደያዘች ትጎተታለች። 4000ን ስታልፍ ድንገት ትነቃና ወንበሩ ላይ ለጥፋኝ ትሄዳለች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ምንም የለም።

ስምንት ወር እንዲህ ቆየሁ። ከዚያ ውስጥ ስድስቱ ወር የባከነ ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር የያዘው ሰው ያን ስድስት ወር እንዳይደግመው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ ልንገራችሁ። ይህን ሳይረዱ ፍለጋ መጀመር ገንዘብ መበተን ነው።

የሱፕራው ሞተር 2ጄዜድ-ጂቲኢ ይባላል። ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር። አሜሪካ የተሸጠው 320 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለት ቱርቦ አለው፤ ቱርቦ ማለት በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው አንዱ ትንሽ ሌላው ትልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለቱም እኩል ናቸው። የሚለያዩት በተራቸው ነው። አንደኛው ከታች ጀምሮ ይሠራል፤ ሁለተኛው 4000 ዙር አካባቢ ይቀላቀላል። ይህን በተራ የማሠራት ዘዴ በመንገድ መኪና ላይ ቀድማ ይዛ ከመጣችው አንዷ የ1986ቷ ፖርሽ 959 ናት። ጃፓኖቹ በ1990ዎቹ በሰፊው ሠሩበት።

ለምን በተራ? የውሃ ወፍጮ ያያችሁ በቀላሉ ይገባችኋል። በበጋ ወንዙ ቀጭን ነው። ለሁለት ወፍጮ ከከፈላችሁት ሁለቱም ድንጋይ ይዳከማል። ሙሉውን ለአንዱ ከለቀቃችሁት ግን ይፈጫል። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ለሁለቱም ይበቃል። ሞተሩም እንዲሁ ነው። በዝቅተኛ ዙር የሚወጣው ጭስ ጥቂት ስለሆነ ሙሉውን ለአንዱ ቱርቦ መስጠት ያስፈልጋል። ዙሩ ሲጨምር ጭሱ ለሁለቱም ይተርፋል።

ወንዙን የሚከፍቱና የሚዘጉት በሮች ናቸው። ዋናው የጭስ በር ከሁለተኛው ቱርቦ ተርባይን (ጭሱ ከሚያሽከረክረው ክፍል) በኋላ ነው ያለው፤ ስትፈልጉት ኢጂሲቪ በሚለው ስም ታገኙታላችሁ። ዝግ ሲሆን ጭሱ በሁለተኛው በኩል ማለፍ ስለማይችል ሁሉም ወደ አንደኛው ይሄዳል። የአየር በሩ ደግሞ ሁለተኛው ቱርቦ አየር በሚያወጣበት ቱቦ ላይ ነው፤ አይኤሲቪ ይሉታል። ዝግ ሲሆን የአንደኛው ቱርቦ ግፊት ወደ ሁለተኛው ተመልሶ እንዳይሸሽ ይከላከላል። ሦስተኛ፣ ትንሽ የጭስ በር አለች። ሁለተኛው ቱርቦ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብላ ጥቂት ጭስ ታሳልፍለትና መሽከርከር ታስጀምረዋለች። አራተኛው ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚያስተነፍሰው ዌስትጌት ነው።

እነዚህን በሮች የሚገፋቸው አየር ነው። ሞተሩ ራሱ የሠራው ግፊት አንዲት ትንሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በቀጭን የላስቲክ ቱቦዎች ወጥቶ ቪኤስቪ ወደሚባሉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ግፊቱን ወደ በሩ አክቹዌተር፣ ማለትም በአየር ግፊት ዘንግ ገፍቶ በሩን ወደሚከፍተው ዕቃ፣ ያሳልፋሉ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ አክቹዌተሩ ውስጥ የነበረውን አየር ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ ሞላውም በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። ጠቅላላ ታሪኩ እሷ ላይ ነው ያለው።

እኔ ግን ከዚህ አልጀመርኩም። ካንዴላ ቀየርኩ። የነዳጅ ፊልትር ቀየርኩ። የአየር መለኪያውን አጠብኩ። እያንዳንዷን ከቀየርኩ በኋላ ጠዋት ወጥቼ እሞክራታለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መኪናዋ ሁሌም ደህና ናት። «አገኘሁት!» እላለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ እዚያው። አንድ ጋራዥም ወሰድኳት። ትራፊክ ውስጥ ቆማ ስለደረሰች ችግሩ ፊታቸው ታየ። አንድ ጊዜ ነድተዋት ተመለሱና አንደኛው ቱርቦ ሞቷል፣ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ አሉኝ። የነገሩኝ ዋጋ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር።

እሺ ልላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። የሞተ ቱርቦ ጠዋት ጠዋት አይነሳም። ጭስ የለም፣ ዘይት አይጎድልም፣ የሚያፏጭ ወይም የሚፋጭ ድምፅ የለም። ደግሞም በቀን አንዴ ሙሉ 11 ፒኤስአይ እየሰጠችኝ ነው። ተርባይኑ ቢበላሽ ጠዋትም ይታይ ነበር።

አሌክሳንድሪያ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ረጅም ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ሱፕራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ቡና ጋብዤአቸው ነገሩን በሙሉ ዘረዘርኩላቸው። ስለ ቱርቦው አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

«ከመዘግየቷ በፊት ምን ስታደርግባት ነበር?» አሉኝ።

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

«ከአሥር ደቂቃ በፊት። ከአምስት ደቂቃ በፊት። ቆማ ነበር? ሮጣ ነበር? የሚመጣና የሚሄድ በሽታ ልማድ አለው፣ ልጄ። መፍቻውን አስቀምጥና ልማዱን ያዝ።»

መልስ አልነበረኝም። ስድስት ወር ሙሉ ችግሩ ሲመጣ እንጂ ከመምጣቱ በፊት ያለውን አላየሁም።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። በየገጹ አምስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ። የውጭ ሙቀት፣ ሞተሩ ከተነሳ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ከዚህ ሙከራ በፊት ያደረግኩት የመጨረሻ ነገር፣ 3000 ዙር ላይ የነበረው ግፊት፣ እና ሙከራውን ስንት ዙር ላይ እንዳቆምኩ። ቀስቱን እያየሁ መንዳት አደገኛ ስለሆነ ስልኬን ከዳሽቦርዱ ፊት አስሬ ሁለቱንም መለኪያ በቪዲዮ እቀርጻለሁ። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን በዝግታ እያየሁ እጽፋለሁ። ሙከራው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2000 ዙር፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ። መኪናዬ ላይ በዚህ ማርሽ 4000 ዙር ማለት በሰዓት ወደ 55 ማይል ነው። ስለዚህ ባዶ የሀይዌይ መግቢያ ላይ ከፍጥነት ገደብ ሳላልፍ ማድረግ እችላለሁ። እባካችሁ እናንተም እንዲህ አድርጉ። በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ ይህን የሚሞክሩ ሰዎች አውቃለሁ። አያስፈልግም።

ሦስት ቅዳሜና እሁድ አለፈ። 19 ሙከራ ተመዘገበ። 8ቱ መጥፎ፣ 11ዱ ደህና። ማታ ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ዘርግቼ መጥፎዎቹን በቀይ አከበብኳቸው። መጀመሪያ ሙቀት ነው ብዬ ነበር። ግን ከትራፊክ በኋላ፣ ሞተሩ እንደ ምድጃ ግሎ፣ ደህና የሆነችባቸው ሁለት ቀናት ነበሩ። ከዚያ ሦስተኛዋን መስመር አየሁ፤ «ከዚህ በፊት ያደረግኩት» የምትለዋን።

ስምንቱም መጥፎ ሙከራዎች የመጡት ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ 4000 ዙርን ካለፍኩ በኋላ ነው። አንድም ሳይቀር። 3800 ላይ ነዳጁን ለቅቄ በደጋገምኩባቸው ቀናት፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢግል፣ መኪናዋ አንድም ጊዜ አልዘገየችም። በጣም በረደበት ቀን ደግሞ 4000ን አልፌም ደህና ነበረች። ስለዚህ ሁለት ነገር መገናኘት አለበት። ሞተሩ መጋል አለበት፣ ሁለተኛው ቱርቦ ደግሞ አንድ ጊዜ ገብቶ መውጣት አለበት። ጠዋት ደህና የምትሆነውም ለዚህ ነው። ሌሊቱን አርፋ፣ በቀኑ የመጀመሪያ ሙከራ ነው የምፈትሻት።

ያን ማታ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ገና አንድ ብሎን አልፈታሁም። ግን ፍለጋው ከመኪናው ሙሉ ወደ ሁለት በሮች ጠበበ። 4000 ዙር ላይ የሚለወጠው ነገር በሮቹ መከፈታቸው ነው። ከታች ጉልበት የምታጣው ሲመለሱ ካልተዘጉ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን የምፈልገው ግፊት የማይሠራውን ዕቃ ነበር። መፈለግ የነበረብኝ የማይዘጋውን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለሌሎቻችሁ የሚጠቅም ነገር ልበል፤ የእናንተ መኪና ምልክት ከእኔ ሊለይ ይችላልና። ከ4000 በታች ሰነፍ፣ በላይ ጎበዝ ከሆነች፣ እንደ እኔ የማይዘጋ በር ፈልጉ። የጭስ በሩ ክፍት ከቀረ ወንዙ ለሁለት ይከፈላል። የአየር በሩ ክፍት ከቀረ ደግሞ አንደኛው የሠራው ግፊት በሁለተኛው በኩል ይሸሻል። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ከታች ጎበዝ ሆና ከ4000 በኋላ ከወደቀች፣ የማይከፈት በር ነው። ያኔ የሚጠረጠረው ግፊት የማይደርሰው አክቹዌተር ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ግፊት የማይዝ ማጠራቀሚያ፣ የተቀደደ ዲያፍራም (አክቹዌተሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ)፣ ወይም ኤሌክትሪክ የማያገኝ ቪኤስቪ። ከታችም ከላይም ደካማ ከሆነች በሮቹን ተዉና የአየር ማምለጫ፣ ዌስትጌቱንና የተዘጋ የጭስ መውጫ ተመልከቱ። ሽግግሩ ላይ ቀስቱ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ መመለሱ ጤነኛ ነው። እሱን አትፈልጉት።

የአየር ማምለጫ ፍተሻ ለማንኛውም አድርጉ። ርካሽ ነው። የአየር ፊልትሩን ፈትቼ ቱቦው ላይ የጎማ መንፊያ አፍ የገጠምኩበት የፕላስቲክ ክዳን አሰርኩ። ሞተሩ ጠፍቶ በጎማ መንፊያ እስከ 10 ፒኤስአይ ሞላሁ። ከዚያ የሳሙና ውሃ። ጎሚስታ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልግ ማለት ነው። ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ጋ አንድ የላላ ማሰሪያ አገኘሁና አጠበቅሁት። ችግሩ ግን አልተነካም። ደብተሩም እንደማይነካ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ የላላ ማሰሪያ 4000 ዙርን አይጠብቅም።

ወደ በሮቹ እንመለስ። ከየትኛው ልጀምር? የጭስ በሩን ዘንግ በመስታወትና በባትሪ መብራት ከላይ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ከሚታየው ጀመርኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ በሩ ዝግ ሆኖ፣ ዘንጉ ላይና አጠገቡ ባለው ብረት ላይ በነጭ ሙቀት የሚችል ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። በሩ ዝግ ሲሆን ሁለቱ ነጭ መስመሮች ይገጥማሉ። ካልተዘጋ አይገጥሙም። ከዚህ የቀለለ መለኪያ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወጣሁ። ሰላሳ ደቂቃ ነዳሁ። 4000ን ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቀስቱ 4 ላይ ተንፏቀቀ። መጣ። ቀስ ብዬ ቤት ገባሁ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ መስታወቱን አስገባሁ።

መስመሮቹ አልገጠሙም። የዘንጉ መስመር ከብረቱ መስመር በእርሳስ ውፍረት ያህል ርቆ ቆሟል። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ነው፣ በሩ ከተዘጋ ቆይቶ መሆን ነበረበት። ስምንት ወር የፈለግኩት ነገር እዚያ ነጭ መስመር ላይ ቆሞ ያየኛል።

አሁን ጥያቄው አንድ ሆነ። በሩ ራሱ ተጣብቆ ነው ወይስ የያዘው አየር አለ? ዝገትና የጭስ ጥላሸት እነዚህን በሮች ይይዛቸዋል። እዚህ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም አይራራም። ስለዚህ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል አደረግኩ። ቅደም ተከተሉ ዋናው ነው።

መጀመሪያ የቪኤስቪዋን የኤሌክትሪክ ሶኬት ነቀልኩ። አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ስር ነው ያለችው። በእጅ ዳሰሳ ነው የሚገኘው፣ የፕላስቲኩ መቆለፊያም በዕድሜ ስለሚደርቅ ቶሎ ይሰበራል። ኮምፒውተሩ በስህተት ኤሌክትሪክ እየሰጣት ከሆነ ሶኬቱ ሲነቀል በሩ መዘጋት አለበት። መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። ኮምፒውተሩና ሽቦው ነፃ ወጡ።

ቀጥሎ ወፍራም ጓንት አድርጌ፣ በረጅም አፍ ፒንሳ፣ አክቹዌተሩ ላይ የገባውን ቀጭን ቱቦ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ቱቦው ሲወጣ «ጢስስ» የሚል አጭር ትንፋሽ ወጣ። ዘንጉም «ቀጭ!» ብሎ ተመለሰ። ነጭ መስመሮቹ ገጠሙ።

በሩ አልተጣበቀም ነበር። ሞላውም ጤነኛ ነው። አየር ተቆልፎበት ነው የቆየው። ቪኤስቪዋ ግፊቱን አስገብታ መልቀቅ አቅቷታል። ለዚህ ነው አሥር ደቂቃ ባቆምኳት ቁጥር የሚሻላት። የተቆለፈው አየር ቀስ እያለ ያመልጣል፣ በሩም ይዘጋል፣ ከዚያ እኔ «ተሻላት» እላለሁ።

ቱቦው ተነቅሎም ዘንጉ ባይንቀሳቀስ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ያኔ በሩ ራሱ ተጣብቋል ማለት ነው። ዘንጉን ፈትቶ በሩን በእጅ ማወዛወዝ፣ ዝገት ማላቀቂያ መርጨት፣ ካልሆነም ያንን ክፍል አውርዶ ማጽዳት ይጠይቃል። ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ቱቦውን ሳይነቅሉ ወደዚያ መሄድ የለም። ሦስተኛው ያሰብኩት እርምጃ አክቹዌተሩን በእጅ ፓምፕ መፈተሽ ነበር። ለማረጋገጥ ያህል አደረግኩት። 10 ፒኤስአይ ሰጠሁት፣ ዘንጉ ወጣ፣ ግፊቱንም ሳይጥል ያዘ። ዲያፍራሙ ደህና ነው። ከዚህ በላይ ግፊት አትስጡት፤ ጤነኛውን ዲያፍራም ራሳችሁ ትቀዱታላችሁ።

ቪኤስቪዋን አውጥቼ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ናት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ አገናኘሁባትና በቱቦ በአፌ ነፋሁ። «ቀጭ» ትላለች፣ አየር ታሳልፋለች። ባትሪውን አነሳለሁ፣ አየሩ በመተንፈሻዋ ይወጣል። ምንም እንከን የለባትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ደህና ናት» ብሎ መልሶ ይገጥማታል። ደብተሩ ግን ሙቀት ይፈልጋል ብሏል። የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ አመጣሁ። በእጅ ለመያዝ እስከምታስቸግር ድረስ አሞቅኳት። ባትሪውን አገናኘሁ፣ «ቀጭ»። አነሳሁ። ድምፅ የለም። አየሩ ውስጥ ቀረ። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጌ መታ ሳደርጋት ለቀቀችው። አምስት ጊዜ ደገምኩት፣ አራቱን ያዘች።

የመተንፈሻዋን ትንሽ ማጣሪያ ስከፍት ቡናማ፣ እንደ ማር የሚያጣብቅ ዘይት ሞልቶታል። በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ አጠብኳት። ሁለት ሳምንት ሠራች፣ ከዚያ ተመለሰባት። አዲስ ገዛሁ። የከፈልኩት ገንዘብ ከተነገረኝ የሁለት ቱርቦ ዋጋ ጋር ስሙም አይነሳም።

ግን ዘይቱ ከየት መጣ? ይህን ሳልመልስ ብተወው አዲሷም በጊዜዋ ትታፈን ነበር። የግፊት ማጠራቀሚያዋን አውርጄ ስገለብጣት አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ዘይት ወጣ። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ጭስ የሚተነፍስባት ፒሲቪ የምትባል ቫልቭ አርጅታለች። ስነቀንቃት አትንኳኳም፤ ጤነኛዋ ትንኳኳለች። የዘይት እንፋሎቱ በአየር መግቢያው አድርጎ ቱርቦዎቹን አልፎ፣ ከግፊቱ ጋር ማጠራቀሚያው ይገባል፣ ከዚያ ወደ ቪኤስቪዎቹ። ፒሲቪዋን ቀየርኩ። ማጠራቀሚያውን አጠብኩ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፈውን ትንሿን ቫልቭም በአፌ ነፍቼና ስቤ አረጋገጥኳት።

ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችም በዚያው ቀየርኳቸው። ጎንበስ ሲሉ የሚሰነጠቁ ሆነዋል። አንድ ምክር ብቻ፣ ሁሉንም በአንዴ አትንቀሉ። አንዱን አውጡ፣ በርዝመቱ ቆርጣችሁ ተኩ፣ ወደ ሚቀጥለው ሂዱ። ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ሁለት ቱቦ ተቀያይሮ ቢገባ ከነበረው የባሰና ለመፈለግ የሚያስቸግር በሽታ በገዛ እጃችሁ ትፈጥራላችሁ።

ብዙ ሰው «ምን አስጨነቀህ፣ ሁለቱንም በር በሽቦ ክፍት አድርገህ እሰራቸው» ብሎኛል። ያኔ ሁለቱ ቱርቦዎች ሁሌም አብረው ይሠራሉ፣ የሚበላሽ ሽግግር አይኖርም። እንደ ፈተና ጥሩ ነው። እኔም አንድ ቀን አድርጌዋለሁ። ከ4000 በላይ ሙሉ ጉልበት ስትሰጠኝ ሁለቱም ቱርቦ ጤነኛ መሆናቸውን በዓይኔ አየሁ። ከታች ያለው ስንፍናም ልክ የእኔ ብልሽት ነበር፤ ያም ሌላ ማስረጃ ሆነኝ። እንደ መድኃኒት ግን አልስማማበትም። ይህች መኪና ከተማ ውስጥ የምትጣፍጠው ከ2000 እስከ 4000 ባለው ጉልበቷ ነው። እሱን አንስቶ ሱፕራ መንዳት ምንም አይታየኝም።

ማዝዳ አርኤክስ-7 ላላችሁ አንድ ቃል። በአሜሪካ ከ1993 እስከ 1995 የተሸጠው ሞዴል እንዲሁ በተራ የሚሠሩ ሁለት ቱርቦ አለው። ሽግግሩ 4500 ዙር አካባቢ ነው። የእናንተ ከግፊት በተጨማሪ የመሳብ ኃይልም ስለሚጠቀም ቱቦውና ሶሌኖይዱ (የኤሌክትሪክ ቫልቩ) ከእኛ ይበዛል። ዕቃዎቹ ይለያያሉ። ደብተሩ ግን ያው ነው። ከሽግግሩ በታች ነው ወይስ በላይ? ከሽግግሩ በፊት ነው ወይስ ሽግግሩ አንዴ ካለፈ በኋላ? ሲግል ነው ወይስ ሲበርድ? እነዚህን ሳትመልሱ መፍቻ አታንሱ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ጋሼን ቤታቸው ሄጄ ወሰድኳቸው። ሞቃት የሰኔ ከሰዓት ነበር፤ ሆን ብዬ ትራፊክ ያለበትን መንገድ መረጥኩ። ግማሽ ሰዓት ተጎተትን። ከዚያ የሀይዌይ መግቢያው ላይ ሦስተኛ ማርሽ፣ 2000 ዙር። ረገጥኩ። ቀስቱ ወጣ፣ 3000 ሳይሞላ 11 ላይ ቆመ። 4000ን አለፍን። ሁለተኛው ቱርቦ ገባ። ጋሼ የበሩን እጀታ ይዘው ዝም አሉ።

«ጥሩ ናት» አልኳቸው።

«የመጀመሪያዋ ሙከራማ ሁሌም ጥሩ ነበረች» አሉኝ። «ድገመው።»

በሚቀጥለው መውጫ ዞሬ ተመለስኩና ደገምኩት። 3000 ዙር፣ 11። ደብተሩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ ቁጥሩን በራሳቸው እጅ ጻፉት።